ጉንፋን የስኳር ሕመምተኛ ካለበት ቤት ሲገባ

የጥቅምትና የኅዳር ወራት በጌዴኦ ምድር የቡና ለቀማ ወራት ናቸው። በዲላ ዙሪያ፣ በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌና በኮቸሬ ቀዩ ፍሬ ከዛፉ እየተለቀመ ወደ ማጠቢያው ይወርዳል፤ ሰውም ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በብርድ ሲደክም ይሰነብታል። በየቤቱ ሳልና ንጥሻ የሚበዛውም በዚሁ ወራት ነው። በአገራችን ልማድ ጉንፋን የያዘው ሰው እንደ በሽተኛ አይቈጠርም። «ጉንፋን ነው፤ ይለቀኛል» ይላል፤ ብዙውን ጊዜም እንዳለው በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ ይለቀዋል። ነገሩ ስለ ጉንፋን ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባብያንን ጊዜ ለመሻማት ባልደፈርን ነበር። ነገር ግን ያው ተራ ጉንፋን የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሚኖርበት ቤት ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነውም ስለዚሁ ነው።

ለምሳሌ ያህል በቡሌ ደጋ የሚኖሩ አንዲት እናት እናስብ። እኚህ እናት በየቀኑ ኢንሱሊን የሚወጉ ናቸው እንበል። ጉንፋን ከያዛቸው ሁለት ቀን ሆኗል፤ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ጉሮሮአቸው ይከረክራቸዋል፤ እህል አስጠልቷቸዋል። ማታ የቀረበላቸውን ምግብ ሳይነኩ መለሱት። የመርፌው ሰዓት በደረሰ ጊዜ ልጃቸው ታስባለች፦ «እማዬ ዛሬ እህል አልቀመሱም፤ በባዶ ሆዳቸው ብወጋቸው ስኳሩ ወርዶ ይጎዱብኛል፤ ነገ ሲበሉ እወጋቸዋለሁ።» ይህ አሳብ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ለሰሚውም ጆሮ ትክክል ይመስላል። ሆኖም ሰው የሚገድል ስሕተት ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ደማቸው አሲድ በዝቶበት፣ ራሳቸውን ስተው ወይም ለመሳት ተቃርበው ከሚደርሱት የስኳር ሕመምተኞች መካከል በብዙዎቹ ዘንድ የሚገኙት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ኢንፌክሽን፣ ሁለተኛው የኢንሱሊን መቋረጥ ነው። በእኚህ እናት ቤት ሁለቱ በአንድ ምሽት ተገናኙ ማለት ነው።

«ሰው ሳይበላ ስኳሩ ከየት ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥያቄውም የሚገባ ነው። መልሱ ያለው በጉበት ዘንድ ነው። ጉበት የሰውነት ጎተራ ነው፤ ስኳርን አከማችቶ ይይዛል፤ ሲያስፈልግም ራሱ እየሠራ ያወጣል። የጉንፋን ቫይረስ ወደ ሰውነት በገባ ጊዜ ሰውነት ጠላት እንደ ገባበት አገር ክተት ያውጃል። አድሬናሊን፣ ኮርቲዞልና ግሉካጎን የሚባሉት ሆርሞኖች ይነሣሉ፤ ጎተራውም ለዘመቻው ስንቅ እንዲሆን ይከፈታል። ጤነኛ ሰው ቢሆን ቆሽቱ ተጨማሪ ኢንሱሊን እያወጣ ያን ስኳር ወደ ጡንቻውና ወደ ሌላው አካሉ ያስገባዋል። የስኳር ሕመምተኛው ግን ኢንሱሊን የለውም፤ ወይም ያለው አይበቃውም። እነዚያው ሆርሞኖች ደግሞ የኢንሱሊንን ኀይል ስለሚያዳክሙ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ኢንሱሊን ፈጽሞ የጠፋ እንደ ሆነ ሰውነት ስኳሩን ሊጠቀምበት አይችልምና ስቡን ማንደድ ይጀምራል፤ ከዚህም ኬቶን የሚባል አሲድ ይወጣል፤ ደሙንም ይመርዘዋል። በባዶ ሆዱ የዋለ ሕመምተኛ ስኳሩ 300 ወይም 400 ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። «ምንም አልበላሁም» ማለት «ስኳሬ አልወጣም» ማለት አይደለም።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከባልደረቦቻቸው ጋር መድኃኒቱን ካገኙ በኋላ፣ በ1922 መጀመሪያ ላይ ሌናርድ ቶምሰን የተባለ ከስቶ አጥንቱ የወጣ ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ፤ ከሞት አፍም ተመለሰ። ይህን ታሪክ ብዙዎች ያውቁታል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው የታሪኩ ፍጻሜ ነው። ሌናርድ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1935 ዐረፈ፤ የሞቱም ምክንያት የሳንባ ምች ነበር። በዚያ ጊዜ ፔኒሲሊን ገና ለሕሙማን አልደረሰም። ይህን የምንተርከው አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም፤ የደረት ሕመምና የስኳር ሕመም እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ ጠላቶች መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ስኳሩ ሲወጣ ሰውነት ጀርምን የሚከላከልበት ኀይል ይደክማል፤ ጀርሙም ሲበረታ ስኳሩን ይብሱን ያወጣዋል።

ወደ ቡሌዋ እናት እንመለስ። ልጃቸው በዚያ ምሽት ልታደርገው የሚገባት የመጀመሪያ ነገር የደማቸውን ስኳር መለካት ነው። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ እርሱን ማንሣት ይቀድማል፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም ዳግመኛ መለካት፣ ካልተነሣ መድገም ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ነገር አይፈስስም፤ ትን ብሎ ያንቀዋልና በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። ስኳሩ ያልወረደ እንደ ሆነ ግን ኢንሱሊኑ መቅረት የለበትም። መጠኑ ሊጨመር ወይም ሊቀነስ ይችላል፤ በሕመም ጊዜ ብዙዎች ከወትሮው የበለጠ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህንም የሚወስነው የሚከታተላቸው ሐኪም ወይም ነርስ ነው። ፈጽሞ ማቋረጥ ግን፣ ይልቁንም ከልጅነት ወይም ከወጣትነት ጀምሮ በኢንሱሊን ብቻ ለሚኖረው ለአንደኛው ዓይነት ሕመምተኛ፣ ከቶ አይገባም። ከመርፌው በኋላ ጠጣር ምግብ እንቢ ቢላቸው በምግቡ ፈንታ ስኳር ያለበት ሻይ ወይም ቀጠን ያለ አጥሚት በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣሉ፤ ስኳሩም እንዳይወርድ በየጊዜው ይለካል።

የሚዋጠው ክኒን ግን ሌላ ሥርዐት አለው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ጉዳት አለበት። ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ምግብ ካልበላ ስኳሩ ክፉኛ ሊወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን የሚወስደው ደግሞ ትውከት ወይም ተቅማጥ ይዞት ውኃ ከሰውነቱ ካለቀ ሐኪሙ ለጥቂት ቀን እንዲያቆም ሊያዝዘው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ጤነኛ ሳለ፣ ለክትትል በሚሄድበት ቀን፣ «ጉንፋን ወይም ሌላ ሕመም ቢይዘኝ መድኃኒቴን ምን ላድርግ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በካርዱ ላይ ማስጻፍ ይገባዋል። ይህ የአምስት ደቂቃ ነገር ነው። ብዙ ሰው የማይጠይቀው ተራው ሲደርስ መድኃኒቱን ተቀብሎ መኪና እንዳያመልጠው ስለሚቸኩል ይመስለናል።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በጉንፋን ጊዜ ስኳሩን በየአራት ሰዓቱ ቢለካ መልካም ነው፤ ሌሊትም ቢሆን አንድ ጊዜ መነሣት ያስፈልጋል። ከ250 በላይ ከሆነ በሽንት ውስጥ ኬቶን መኖሩን መመርመር ይገባል፤ ለዚህ የሚሆነው የወረቀት ቅንጣቢ በቤት ከሌለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሽንት ማስመርመር ነው። የስኳር መለኪያው መሣሪያ፣ ይልቁንም በየጊዜው የሚገዛው ስትሪፕ፣ ለብዙ ቤተ ሰብ ከባድ ወጪ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም በየቀኑ ለመለካት ዐቅም የሌለው እንኳ ጥቂቱን ለሕመም ቀን ብሎ ቢያስቀምጥ ይሻላል። መለኪያ ፈጽሞ የሌለው ሰው ጉንፋን ሲይዘው በማግሥቱ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይለካ፤ ውኃ ጥሙና የሽንቱ ብዛት እስኪያስገድደው መጠበቅ የለበትም።

ስለ ምግብና መጠጥ ስንናገር የጌዴኦን ምድር እንሰት ሳንጠቅስ ልናልፍ አንችልም። ቡናውና እንሰቱ በአንድነት የሚበቅሉበት ይህ አገር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእንሰት አገር ለታመመ ሰው በፍጥነት የሚቀርበው የቡላ ገንፎ ወይም የቡላ አጥሚት ነው፤ ለጉሮሮ ይለሰልሳል፤ ለደካማም ይስማማል። ነገር ግን ቡላ የእንሰቱ ጥሩ ስታርች ስለ ሆነ በቶሎ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። አይበላ አንልም፤ ስኳሩ ዝቅ ላለበትና ሌላ ምግብ ለተጸየፈ ሰው እንዲያውም ይረዳል። ስኳሩ 300 ለደረሰበት ሰው ግን «ብርታት ይሁንልህ» እያሉ ሳሕን ሙሉ ማቅረብ በእሳት ላይ ቅቤ መጨመር ነው። ለእንዲህ ያለው ስኳር የሌለበት ሻይ፣ ቀጭን የአትክልት ሾርባ፣ ከሁሉም በላይ ውኃ ይሻለዋል። ኩላሊቱ ወይም ልቡ ታሞ ውኃ እንዲቀንስ ያልታዘዘ ሰው በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ያህል በጉንጭ በጉንጭ ቢጠጣ መልካም ነው።

ማር በዝንጅብል፣ ማር በሎሚ የጉንፋን መድኃኒት ሆኖ የኖረ ነው፤ ሳልንም በእርግጥ ያለዝባል። ዳሩ ግን ማርም ስኳር ነው። «የተፈጥሮ ስለ ሆነ አይጎዳም» የሚለውን አነጋገር ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ደም ግን የስኳሩን ምንጭ አይጠይቅም። ዝንጅብሉንና ሎሚውን ያለ ማር መጠጣት ይቻላል። ነጭ ሽንኩርትም፣ ጤና አዳምም በምግብ መጠን ቢወሰዱ የምንቃወማቸው አይደሉም፤ በኢንሱሊን ፈንታ እስካልተወሰዱ ድረስ ነው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ በእንፋሎቱ መታጠን አፍንጫን ይከፍት ይሆናል፤ ነገር ግን የፈላ ውኃ ተደፍቶ ስንቱን አቃጥሏል። ከዚህም የሚብስ አለ። በቡሌ ደጋ፣ ምድሩ ወደ 3000 ሜትር ከፍታ በሚጠጋበት ስፍራ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ወደ ምድጃው ተጠግቶ እግሩን ለእሳት ይሰጣል። ብዙ ዓመት በስኳር የኖረ ሰው እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ይችላልና ሙቀቱ ሲያቃጥለው አይሰማውም። የሚያየው በማግሥቱ ውኃ ቋጥሮ ነው፤ ከዚያም የማይድን ቁስል ይሆናል፤ ጉንፋኑ በሳምንት ሲለቅ እግሩ ግን ለወራት ሐኪም ቤት ያመላልሳል። ካልሲ ማድረግና በጋቢ መሸፈን ይበቃል፤ እሳቱም ከእግሩ ይራቅ።

ከመድኃኒት መደብር ገዝቶ ስለ መዋጥ ጥቂት እንጨምር። ለትኩሳትና ለራስ ምታት ፓራሲታሞል፣ በታዘዘው መጠን፣ ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። አፍንጫ ይከፍታሉ የሚባሉት፣ ፕሱዶኤፌድሪንን የመሳሰሉ ነገሮች ያሉባቸው የጉንፋን ክኒኖች ግን ስኳርንም የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። የሳል ሽሮፕ ብዙውን ጊዜ ስኳር አለበት፤ ፋርማሲስቱን «የስኳር ሕመም አለብኝ» ብሎ መንገር ያስፈልጋል። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን፣ በመርፌም ሆነ በክኒን፣ ስኳርን ክፉኛ ያወጣሉ፤ ስለዚህ ሐኪም መርምሮ ካላዘዘ በስተቀር አይወሰዱም። አሞክሳሲሊንና መሰሎቹ አንቲባዮቲኮች የጉንፋንን ቫይረስ አይነኩትም፤ በጉንፋኑ ላይ የባክቴሪያ ሕመም የተጨመረ እንደ ሆነ ሐኪሙ ያዝዛቸዋል።

ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ይገባል፤ የብርዱም የቡናውም ወራት ከጾሙ ጋር ይገጣጠማል። እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው በጤናውም ጊዜ ቢሆን ምክር የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ጉንፋን ይዞት ሳለ ግን አደጋው ድርብ ይሆናል፤ ስኳሩ ሊወርድም ሊወጣም ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ሸክም የማትጭን መሆኗ የታወቀ ነው። ሕመምተኛው ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ሳይደብቅ ቢነግር መፍትሔ ያገኛል፤ አስቀድሞም በሐኪሙ ዘንድ ምክር ይጠይቅ። ስለ ጸበልም እንዲሁ ነው። ወደ ጸበል ሲሄዱ መርፌውን ቤት ትተው የሄዱ ሰዎች ራሳቸውን ስተው ወደ ሐኪም ቤት ሲገቡ ታይቷል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒታቸውን አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። ያ ቃል ለስኳር ሕመምተኛ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

በኅዳር ወር ስለ ጉንፋን የሚጽፍ ሰው «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውን ልማድ ሊዘነጋው አይችልም። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚቃጠለው በ1911 ዓ.ም. የገባውን «የኅዳር በሽታ» በማሰብ ነው። ያ ግን ኢንፍሉዌንዛ እንጂ ተራ ጉንፋን አልነበረም፤ እስከ ዛሬም ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ጉንፋን በአፍንጫ ፈሳሽና በጉሮሮ ማሳከክ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት በትልቅ ትኩሳት፣ በብርድ ብርድታና በቁርጥማት ይጥላል። በ2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ኮቪድም መጀመሪያው ጉንፋን ሊመስል ይችላል። እነዚህ ሁለቱ በስኳር ሕመምተኛ ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበረታሉና፣ በድንገት የጣለ ትኩሳት ሲመጣ «ጉንፋን ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ጉንፋን የያዘውም ቤተኛ ሕመምተኛውን ጉንጭ ለጉንጭ ከመሳም ይታቀብ፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ መስኮቱም ይከፈት። የልጅ ልጆች አያታቸውን ሳይስሙ መዋላቸው ይከብዳል፤ ቢሆንም ለአንድ ሳምንት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን፤ ይኸውም ጉንፋኑ ወደ አደጋ የተለወጠበትን ሰዓት ማወቅ ነው። እዚህ ላይ ቤተ ሰብን የሚያታልሉ ሁለት ምልክቶች አሉ። ደሙ በአሲድ የተመረዘ ሰው ትንፋሹ ጠለቅ ጠለቅ፣ ፈጠን ፈጠን ይላል፤ ቤተ ሰብም «ጉንፋኑ ደረቱ ላይ ወረደ» ብሎ ቪክስ ይቀባዋል። እንደዚሁም ያስመልሰዋል፤ ሆዱንም ያመዋል፤ «ምች መታው» ይባልና ዳማ ከሴ ይጨመቅለታል። ትንፋሹ የበሰለ ፍራፍሬ የመሰለ ሽታ ካለው፣ ውኃ ጥሙ ካልቆረጠ፣ ሽንቱ ከበዛ፣ ምላሱ ከደረቀ፣ ንግግሩ ከተወላገደ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ነገሩ የደረትም የምችም አይደለም። ስኳሩ ደጋግሞ ከ300 በላይ የሆነ፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ወይም በሽንቱ ኬቶን የተገኘበት ሰውም እንዲሁ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ይህ የስኳር ሕመም እንዳለበት ከቶ ላልታወቀ ልጅም ይሆናል። ብዙ ሕፃናት ሕመማቸው የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ ስለዚህ ጉንፋን የያዘው ልጅ ውኃ አልጠግብ ካለና ሌሊት አልጋውን ማርጠብ ከጀመረ ስኳሩን ማስለካት ይገባል።

በጌዴኦ ቤቱ በእንሰትና በቡና ተከቦ በየተዳፋቱ የተሠራ ነው፤ ከቡሌ ወይም ከገደብ ሌሊት በዝናብ ተነሥቶ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መድረስ ቀላል አይደለም። በጎንደርና በጅማ በኩል በገጠር ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የጤና መኮንኖች የስኳር ሕመምተኞችን እዚያው እንዲከታተሉ ተደርጎ ብዙ ሰው ከረዥም መንገድ ድኗል፤ በየወረዳው እንዲህ ያለ ክትትል መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል። የሆነ ሆኖ ውሳኔው በቀን መሆን አለበት። ከቀትር በኋላ ስኳሩ እየወጣ፣ ትውከቱም እየበዛ ከሄደ «እስኪነጋ እንይ» አይባልም፤ ብርሃን ሳለ መነሣት ነው። ባጃጅ ወይም ሞተር ያለው ጎረቤት ማን እንደ ሆነ፣ ስልኩም ስንት እንደ ሆነ ከሕመሙ በፊት ይታወቅ።

ለዚሁ ቀን አንዲት አነስተኛ ቦርሳ ተዘጋጅታ በአንድ ስፍራ ትቀመጥ። የክትትሉ ካርድ፣ መርፌዎች፣ መለኪያው፣ ጥቂት ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሕመምተኛው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ስም የተጻፈበት ወረቀት ይግቡባት። ኢንሱሊኑ ግን ለብቻው ነው፤ ያልተከፈተው በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት እርጥብ አሸዋ በተደረገበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በጥላ ይኑር። የተከፈተው ብልቃጥ ፀሐይና ሙቀት እስካላገኘው ድረስ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ዋጋ የለውም፤ ይጣላል። ለጉዞ ሲወጡም ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በቦርሳዋ ላይ ያክሉት፤ በዚያ ቀን የተለካውን ስኳርና የተወጋውን መጠን፣ ከነሰዓቱ፣ በካርዱ ጀርባ ላይ ይጻፉበት። ተረኛው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነው።